መቃብር ወይስ ወህኒ

ኮሎምቢያ ውስጥ አርሜኒያ የምትባል ከተማ አለች። ከካውካሰሷ አገር ጋር ከስም በቀር የሚያዛምዳት ነገር የለም። የኪንዲዮ ክፍለ ሀገር መዲና ናት፤ በአንዲስ ተራሮች ወገብ ላይ ተቀምጣ ዙሪያዋን ቡና ለብሳለች። ካርሎስ ኤንሪኬ ሌደር ሪቫስ የተወለደው እዚህ ነው፤ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1949 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አባቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አስቀድሞ ኮሎምቢያ የገባ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበር፣ እናቱ የአገሩ ተወላጅ። ወላጆቹ ሲፋቱ የ15 ዓመቱ ካርሎስ ከእናቱ ጋር ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ።

የኮሎምቢያ ኮኬይን ሲነሳ ዓለም የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ፓብሎ ኤስኮባር። ፊልሙም፣ መጽሐፉም፣ ካናቴራውም የእሱ ነው። ኤስኮባር በደም አፍሳሽነቱ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ኮኬይንን በሻንጣ ተወሽቆ ከሚያልፍ ዕቃ በቶን ወደሚጫን ጭነት የለወጠው ሰው ሌደር ነው። ይህን ደግሞ የተማረው በኤስኮባር ከተማ በሜዴሊን ሳይሆን አሜሪካ፣ ያውም እስር ቤት ውስጥ ነው።

ኒውዮርክ የገባው ወጣት መልከ መልካም፣ ተናጋሪና ችኩል ነበር። መኪና መስረቅ ጀመረ፤ ከመኪና ወደ ማሪዋና ተሻገረ። በ1973 ማያሚ ላይ ከነማሪዋናው ተያዘና ኮነቲከት ግዛት ወደሚገኘው የዳንበሪ ፌዴራል እስር ቤት ተላከ። ዳንበሪ ያኔ ጥበቃው የላላ እስር ቤት ነበር፤ ከተራ ወንበዴ ይልቅ በቀረጥ ማጭበርበርና በመሳሰለው የተፈረደባቸው የተማሩ ሰዎች ይበዙበት ነበር። ሌደር ከእነሱ ስለ ባንክ፣ ስለ ገንዘብ ማዘዋወርና ተጠርጣሪ አሳልፈው ስለማይሰጡ አገሮች እየጠየቀ ማስታወሻ ይይዝ ነበር ይባላል።

አንድ ክፍል ያጋራው ጆርጅ ጁንግ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው ነበር። ጁንግ ከሜክሲኮ ማሪዋና በትንንሽ አውሮፕላኖች ሲያስገባ የኖረ ነው። ሁለቱ ሲጨዋወቱ እያንዳንዳቸው የጎደላቸውን አገኙ። ጁንግ ኋላ እንደተናገረው ሌደር ዋጋውን ነገረው፤ ኮሎምቢያ ላይ በጥቂት ሺህ ዶላር የሚገዛ አንድ ኪሎ ኮኬይን አሜሪካ ሲደርስ 60 ሺህ ያወጣል። ማሪዋና ቦታ የሚይዝ፣ የሚሸት፣ ትርፉም ልከኛ የሆነ ጭነት ነው። በዚያው አውሮፕላን ውስጥ ኮኬይን ቢጫንስ? ጁንግ አውሮፕላኑንና አብራሪዎቹን ያውቃል፣ ሌደር ደግሞ አገሩንና ቋንቋውን። ሒሳቡ የገባቸው ሁለት እስረኞች የቀረውን ጊዜያቸውን በዕቅድ አሳለፉት።

ሌደር ፍርዱን ሲጨርስ ወደ ኮሎምቢያ ተባረረ። ጁንግም ተፈትቶ ወዲያው ግንኙነታቸውን ቀጠሉ። መጀመሪያ የነበረው ሥራ የተለመደው ነው፤ ድብቅ ኪስ ያላቸው ሻንጣዎች፣ ሻንጣውን የሚይዙ ሴቶች፣ በካሪቢያን ደሴቶች በኩል የሚዞር ጉዞ። ሻንጣው ገንዘብ አመጣ፣ ገንዘቡ አውሮፕላንና አብራሪ። ነገር ግን ትንሽ አውሮፕላን ከኮሎምቢያ ተነስቶ ፍሎሪዳ ድረስ ያለ ነዳጅ መቅጃ አይዘልቅም። መሐል ላይ ማረፊያ ያስፈልጋል፤ ጥያቄ የማይጠየቅበት ማረፊያ።

ኖርማንስ ኪ በባሃማስ የኤግዙማ ደሴቶች ውስጥ የምትገኝ ጠባብ መሬት ናት፤ ከፍሎሪዳ ጠረፍ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያኔ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ፣ የጀልባ ወደብ፣ አነስተኛ ሆቴልና የሀብታም አሜሪካውያን የዕረፍት ቤቶች ነበሩባት። ሌደር በ1978 መጣና መግዛት ጀመረ። ቤት፣ ከዚያ ሌላ ቤት፣ ከዚያ ሆቴሉን፣ ከዚያ ማኮብኮቢያውን። ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። መሸጥ ያልፈለገው ደግሞ ቀስ በቀስ እንዲፈልግ ይደረጋል፤ በደጃፉ መሣሪያ ያነገቡ ጎረምሶች ከነውሾቻቸው ይመላለሳሉ፣ ጀልባው ነዳጅ ይከለከላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ያጓራል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ደሴቲቱ የአንድ ሰው ሆነች።

በዚያን ዘመን የአሜሪካ ሕዝብ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ ያምነዋል የሚባለው የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ዋልተር ክሮንካይት በመርከቡ ሲንሸራሸር ወደዚህች ወደብ ጎራ ብሎ ነበር። የመርከበኞች መናኸሪያ የነበረችውን ወደብ ጭር ብላ አገኛት። መልህቅ መጣል አይቻልም ተብሎ ተመለሰ። ይህን ራሱ ክሮንካይት ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ መስክሯል።

አሠራሩ ቀላል፣ ስፋቱ ግን ከዚያ በፊት ያልታየ ነበር። የሜዴሊን ሰዎች፣ ማለትም ኤስኮባር፣ የኦቾዋ ወንድማማቾችና ጎንዛሎ ሮድሪጌዝ ጋቻ፣ ኮኬይኑን ያዘጋጃሉ። ሌደር ጭነቱን ይረከብና በመቶ ኪሎዎች እያደረገ ወደ ደሴቲቱ ያመጣል፤ እዚያ ተራግፎ ነዳጅ ይቀዳል፣ ከዚያ በሌሎች ትንንሽ አውሮፕላኖች ወደ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያና ካሮላይና ይበተናል። ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚከፈል የማጓጓዣ ሒሳብ ነበረው። የአየር መንገድ ሥራ በሉት፤ ተሳፋሪ የሌለው፣ የጊዜ ሰሌዳው በጨረቃ ብርሃን የሚወሰን አየር መንገድ። አንዳንዱ አውሮፕላን አልቀናውም። በ1980 ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የወደቀ አንድ ትልቅ የጭነት አውሮፕላን ዛሬም እዚያው አለ፤ ቱሪስቶች መነጽር አድርገው በክንፎቹ ዙሪያ ይዋኛሉ።

የኤስኮባር ጥላ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ማየት ለፈለገም ይህችው ደሴት ምስክር ናት። በ2017 የከሸፈው፣ ፋየር ፌስቲቫል የተባለው የሙዚቃ ድግስ አዘጋጆች ማስታወቂያቸውን የቀረጹት እዚህ ነበር፤ ለወጣቶቹም «የፓብሎ ኤስኮባር የነበረች ደሴት» ብለው ሸጡላቸው። ኤስኮባር ግን የደሴቲቱ ባለቤት ሆኖ አያውቅም።

ጆርጅ ጁንግ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነበር? ከጨዋታ ወጥቶ። ሌደር አሜሪካ ውስጥ ዕቃውን የሚረከበውን ደንበኛ ከጁንግ በኩል ካወቀ በኋላ ጁንግ አላስፈለገውም። የዳንበሪ ወዳጅነት እዚህ ላይ አበቃ። ጁንግ ቂሙን ያዘ፣ ጊዜውንም ጠበቀ።

ባሃማስ ነፃነቷን ካገኘች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊንደን ፒንድሊንግ የነፃነት አባት ተብለው የሚከበሩ ሰው ነበሩ። በ1979 የባሃማስ ፖሊስ ደሴቲቱን ወረረ፤ ሰዎች ተያዙ፣ ሌደርም ለአፍታ እጅ ገባና ተለቀቀ፣ በረራው ቀጠለ። ማን ምን ያህል እንደበላ ያኔ በሹክሹክታ ይወራ ነበር። በ1983 የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጉዳዩን አደባባይ አወጣው። በዚሁ ምክንያት የተቋቋመው የመርማሪ ኮሚሽን በ1984 ባወጣው ሪፖርት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ወጪ ከገቢያቸው እጅግ የላቀ መሆኑን ጻፈ፤ ገንዘቡ ከአደንዛዥ ዕፅ የመጣ ለመሆኑ ግን ማረጋገጫ አላገኘም። ፒንድሊንግም በሥልጣናቸው ቆዩ።

የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ውስጥ በሌደር ላይ ክስ የመሠረተው በ1981 ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ድምፁን አጥፍቶ ይሰወር ነበር። ሌደር እንዲህ ያለው ጠባይ አልነበረውም። በጁላይ 10 ቀን 1982 ባሃማሳውያን የነፃነት በዓላቸውን ናሶ ላይ ሲያከብሩ ከሰማይ ወረቀት ዘነበባቸው። የአሜሪካ የፀረ-አደንዛዥ ዕፅ ፖሊሶች ወደ አገራቸው ይሂዱ የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው፤ ከአንዳንዱም ጋር የመቶ ዶላር ኖት ነበረበት። ሕዝቡ ተሻማ፣ ዋሽንግተን ተቆጣ። ኖርማንስ ኪ ከዚያ ወዲህ የምትሠራ ቦታ አልሆነችም፤ ባለቤቷ ጠቅልሎ ወደ አርሜኒያ ገባ።

ከተማዋ ያሳደገችው ልጅ ወደ ጌትነት ተለውጦ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። መኪናው፣ ሕንፃው፣ እርሻው። ለክፍለ ሀገሩ አስተዳደር አውሮፕላን በስጦታ ሰጠ፤ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ባለሥልጣን ካለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ «ፖሳዳ አሌማና»፣ የጀርመን ማረፊያ፣ የተባለ ትልቅ ሆቴል አቆመ፤ የባቫሪያ መልክ ያላቸው ጣራዎች በቡናና በሙዝ መሐል። በግቢው ውስጥ እውቁ የኮሎምቢያ ቀራጺ ሮድሪጎ አሬናስ ቤታንኩር የሠራው የጆን ሌነን ሐውልት ቆመ፤ ራቁቱን፣ ጊታር የያዘ፣ ደረቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ ያለበት። የሰላም ዘፋኝ በሚባለው በሌነን ፍቅር ያበደው ይኸው ሰው አዶልፍ ሂትለርንም በአደባባይ ያደንቅ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ እንዴት አብረው እንደኖሩ ለማስረዳት የሞከሩ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። እኔ የሚመስለኝ ሌደር የሚወደው ሐሳብ ሳይሆን ሕዝብ ፊት የቆመ ሰው ነው፤ ጭብጨባ የሚቀበል ሰው፣ ማንም ይሁን ማን።

ሀብቱ ሌላም ዓይን ስቦበታል። በ1981 መጨረሻ ኤም-19 የተባለው የከተማ ደፈጣ ተዋጊ ቡድን ሌደርን ራሱን ለማገት ሞከረ፤ ቆስሎ አመለጠ። ብዙም ሳይቆይ ይኸው ቡድን የኦቾዋ ወንድማማቾችን እህት ማርታ ኒየቬስን ሜዴሊን ውስጥ ካለ ዩኒቨርሲቲ ወስዶ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ጠየቀ። አዘዋዋሪዎቹ ቤዛ ከመክፈል ይልቅ ተሰበሰቡ። ዲሴምበር ላይ በካሊ ስታዲየም የእግር ኳስ ግጥሚያ እየተካሄደ ሳለ ከትንሽ አውሮፕላን የተበተነ ወረቀት «ሞት ለአጋቾች» የተሰኘ ድርጅት መመሥረቱን አበሰረ። ወረቀቱ 223 «ነጋዴዎች» ሰውና ገንዘብ ማዋጣታቸውን ይናገራል። ከሰማይ ወረቀት መበተን የማን ልማድ እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። ማርታ ኒየቬስ በ1982 መጀመሪያ ተለቀቀች፤ እስከዚያ ድረስ ግን በዚህ ድርጅት እጅ ብዙ ሰው ተገድሏል። እስከ ትናንት በጭነት ብቻ የሚገናኙት የሜዴሊን ሰዎች በዚህ ዘመቻ ውስጥ አንድ አካል መሆን ለመዱ። ዓለም የሜዴሊን ካርቴል ብሎ የሚያውቀው ነገር ከዚያ በኋላ የታየው ነው።

ታሪኩ የሚዞርበት ሰነድ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ተፈርሟል። በሴፕቴምበር 1979 ኮሎምቢያና አሜሪካ ተጠርጣሪን አሳልፎ የመስጠት ስምምነት ተዋዋሉ፤ በ1982 ሥራ ላይ ዋለ። ለኮሎምቢያ አዘዋዋሪ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። በአገሩ ዳኛ ይገዛል ወይም ይገደላል፣ ዘበኛ ይደለላል፣ ፋይል ይጠፋል። ፍሎሪዳ ውስጥ ማንን ይደልላል? ኤስኮባር የፓርላማውን መንገድ ሲመርጥ ሌደር ስምምነቱን በስሙ ጠርቶ ሊዋጋው ተነሳ። በ1983 «ብሔራዊ የላቲን ንቅናቄ» የተባለ ፓርቲ አቋቋመ፣ «ኪንዲዮ ሊብሬ» የሚል ጋዜጣ አሳተመ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፍ ጠራ። ስብከቱ ሉዓላዊነት፣ ፀረ-ኢምፔሪያሊዝም፣ የላቲን አሜሪካ ክብር ነበር። ኮኬይን የላቲን አሜሪካ አቶሚክ ቦምብ ነው ይል ነበር። ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ግን ፓርቲው በኪንዲዮ የምክር ቤት ወንበሮች አግኝቷል። አንድ ኮሎምቢያዊ በሌላ አገር ዳኛ ፊት መቆም የለበትም የሚለው ክርክር በራሱ የሚናቅ አልነበረም፤ ቅን የሆኑ የሕግ ሰዎችም ይደግፉት ነበር። ችግሩ በማን አፍ መነገሩ ነው።

በዚያው ዓመት ኦገስት ግድም ሮድሪጎ ላራ ቦኒያ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ወጣት፣ ግልጽ ተናጋሪና የማይገዙ ሰው ነበሩ። የሌደር የእስር ማዘዣ ወጣ፤ የቅዳሜው ተናጋሪ ከመድረክ ጠፋ። ፕሬዚዳንት ቤሊሳሪዮ ቤታንኩር ግን ዜጋን አሳልፎ መስጠትን በመርሕ ስለማይቀበሉት ወረቀቱን አልፈረሙም። በማርች 1984 ፖሊስ በያሪ ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ ትራንኪላንዲያ የተባለውን ግዙፍ የኮኬይን ማምረቻ ደርሶበት ከ13 ቶን በላይ አወደመ። ከሰባት ሳምንታት በኋላ፣ ኤፕሪል 30 ቀን፣ ሁለት ወጣቶች በሞተር ሳይክል ቦጎታ ውስጥ የሚኒስትሩን መኪና ተከትለው ላራ ቦኒያን ገደሉ። ትእዛዙ የኤስኮባር ነበር። መዘዙ ግን መጀመሪያ የወደቀው ሌደር ላይ ነው፤ ቤታንኩር በሜይ የመጀመሪያ ቀናት ብዕራቸውን አነሱ፣ ከፈረሙባቸው ወረቀቶችም አንዱ የካርሎስ ሌደርን ስም የያዘ ነበር።

ካርቴሉ ወደ ፓናማ ሸሸ። ሌደር ኋላ ወደ ምሥራቅ ኮሎምቢያ ጫካ ገባ። በ1985 መጀመሪያ የስፔን ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች እዚያ አገኙት፤ ጢሙን አጎፍሮ፣ በታጠቁ ሰዎች ተከቦ ስለ አብዮት አወራ። የሚታደን ሰው ካሜራ መጥራቱ ለጓደኞቹ የእብደት ምልክት ሆኖ ታያቸው። ብዙ ኮኬይን መጠቀም መጀመሩም በዚያው ሰሞን ይነገር ነበር።

በጃኑዋሪ 1985 የአትሌቲኮ ናሲዮናል እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት የነበረው ኤርናን ቦቴሮ ሞሬኖ በገንዘብ ማጠብ ተከሶ በስምምነቱ መሠረት ወደ አሜሪካ ተጫነ፤ እጅና እግሩ በሰንሰለት ታስሮ የታየበት ፎቶግራፍ አዘዋዋሪዎቹን ከማንኛውም ዛቻ በላይ አስደነገጣቸው። «አሜሪካ ካለ ወህኒ ኮሎምቢያ ያለ መቃብር ይሻለናል» የሚለው የራሳቸው መፈክር በየመግለጫው ግርጌ መታተም ጀመረ። መቃብሩ ግን መጀመሪያ የተቆፈረው ለሌሎች ነበር። ለዳኞች። ለጋዜጠኞች። ለፖሊሶች። በኖቬምበር 1985 ኤም-19 በቦጎታ የፍትሕ ቤተ መንግሥቱን ያዘ፤ ሠራዊቱ በታንክ ገባ፣ 11 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን ጨምሮ መቶ ገደማ ሰው አለቀ። የካርቴሉ ገንዘብ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1986 ዲሴምበር 12 ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን ያጸደቀውን ሕግ በፊርማ ጉድለት ሻረው፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቪርጂሊዮ ባርኮ በሁለተኛው ቀን እንደገና ፈረሙበት። በአምስተኛው ቀን ስለ ካርቴሉ ሳይፈራ ይጽፍ የነበረው የኤል ኤስፔክታዶር ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ጊየርሞ ካኖ ከቢሮው ሲወጣ ተገደለ። በጃኑዋሪ 1987 ደግሞ ላራ ቦኒያን የተኩት ሚኒስትር፣ ያን ጊዜ ሃንጋሪ አምባሳደር የነበሩት ኤንሪኬ ፓሬሆ፣ ቡዳፔስት በረዶ ውስጥ በጥይት ተመትተው በተአምር ተረፉ። ቡዳፔስት ድረስ የደረሰ እጅ!

በዚህ ሁሉ መሐል ሌደር ገንዘቡ አልቆ በኤስኮባር ጥገኝነት ይኖር ነበር። የቀድሞው የደሴት ጌታ በኤስኮባር ግቢ ውስጥ መትረየስ ይዞ የሚንጎራደድ እንግዳ ሆነ። ናፖሊስ በተባለው የኤስኮባር ርስት በቅናት ተነሳስቶ ከአስተናጋጁ ታማኝ ጠመንጃ ያዦች አንዱን ገደለ ተብሎ ይተረካል፤ ከዚያ በኋላ በሜዴሊን የሚወደው አልነበረም።

የፈሩት ይደርሳል። በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1987 ማለዳ ፖሊስ ሜዴሊን አጠገብ ያለ አንድ የገጠር ቤት ከበበ። አጭር ተኩስ ነበር። ከጠባቂዎቹ ጋር የተያዘው ሰው ማን እንደሆነ አዛዡ ወዲያው አወቀው። ፖሊስ ጎረቤት በጩኸት ተማርሮ እንደጠቆመ ተናገረ፤ ሌደር ግን የሸጠኝ ኤስኮባር ነው ብሎ አመነ፣ ኤስኮባርም በጽሑፍ አስተባበለ። እውነቱ የትኛውም ቢሆን መንግሥት የተማረው ትምህርት ነበረው፤ ይህን ሰው ለአንድ ሌሊት እንኳ ኮሎምቢያ እስር ቤት ማሳደር አይቻልም። የቤታንኩር ፊርማ ከ1984 ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ማለዳ የተያዘው ሰው በዚያው ዕለት ወደ ፍሎሪዳ በረረ። ያጓዘው አውሮፕላን የአሜሪካ የፀረ-አደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤት ንብረት ነበር። ከአምስት ወራት ገደማ በኋላ የኮሎምቢያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስምምነቱን ሕግ ዳግመኛ ሻረው። ሌደር አምስት ወር ቢደበቅ ኖሮ!

የጃክሰንቪሉ ችሎት በኖቬምበር 1987 ተከፈተ፣ ሰባት ወር ገደማም ወሰደ። ዐቃቤ ሕግ ሮበርት መርክል በኃይለኝነታቸው የሚታወቁ ሰው ነበሩ፤ 115 ምስክሮች አሰለፉ። አብራሪዎች መጡ፣ ከደሴቲቱ የተባረሩ ባለቤቶች መጡ፣ ዋልተር ክሮንካይት መጣ። ጆርጅ ጁንግም መጣ። በዳንበሪ ክፍል ውስጥ የተነገረውን ሁሉ ለዳኞቹ አንድ በአንድ አወራላቸው፤ ጁንግ ራሱ ተይዞ ስለነበር ምስክርነቱ ለሁለት ነገር ጠቀመው፣ ለቂሙና ለቅጣቱ። በሜይ 1988 ሌደር ጥፋተኛ ተባለ፤ በጁላይ 20 ቀን፣ ኮሎምቢያውያን የነፃነት ቀናቸውን በሚያከብሩበት ዕለት፣ አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክና በላዩ 135 ዓመት ተፈረደበት። ዕድሜው 38 ነበር።

ከእሱ መያዝ በኋላ አገሩ ውስጥ የሆነውን እዚህ ዘርዝሮ አይጨርሱትም። የፕሬዚዳንት ዕጩው ሉዊስ ካርሎስ ጋላን በ1989 ኦገስት ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በቦምብ ፈነዳ፣ 107 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች፣ ምድር ላይም ሦስት ሰዎች ሞቱ። ጋቻ በዲሴምበር 1989 በፖሊስ ተገደለ። የኦቾዋ ወንድማማቾች እጃቸውን ሰጥተው ጥቂት ዓመት ታስረው ወጡ። ኤስኮባር በጁን 1991፣ ልክ አዲሱን ሕገ መንግሥት የሚያረቀው ጉባኤ ዜጋን አሳልፎ መስጠት እንዲከለከል በወሰነበት ቀን፣ ራሱ ወዳሠራው እስር ቤት ገባ፤ በ1992 አመለጠ፤ በዲሴምበር 2 ቀን 1993 ሜዴሊን ውስጥ ጣራ ላይ ተመትቶ ወደቀ። መፈክሩ እሱ ላይ ተፈጸመ።

ሌደር ኢሊኖይ ውስጥ በማሪዮን የከፍተኛ ጥበቃ እስር ቤት ተቀምጦ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። በ1989 መጨረሻ አሜሪካ ፓናማን ወርራ ገዥዋን ጄኔራል ማኑኤል ኖሪዬጋን ማያሚ አመጣች፤ በካርቴሉና በጄኔራሉ መካከል የነበረውን ውል የሚያውቅ ምስክር ፈለገች። ፀረ-ኢምፔሪያሊስቱ ተናጋሪ እጁን አወጣ። በኖቬምበር 1991 ቀርቦ ስለ ኖሪዬጋ ያውቃል የተባለውን ሁሉ ተናገረ። በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ግን ካርቴሉ ለኒካራጓ ኮንትራዎች፣ ማለትም ዋሽንግተን ስትደግፋቸው ለነበሩት አማፂዎች፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጥቷል አለ። ዐቃብያነ ሕጉ ይህን እንዲነግራቸው የጠሩት አይመስለኝም። ኖሪዬጋ ተፈረደበት፣ የሌደር ቅጣት ወደ 55 ዓመት ወረደ፣ ቤተሰቡም ከለላ አገኘ።

ከዚያ ረጅም ዝምታ ነው። በ1995 ወደ ጀርመን ትዛወራለህ ተብሎ የተገባልኝ ቃል ፈረሰ ብሎ ለዳኛ ጻፈ። በ2015 ለፕሬዚዳንት ሁዋን ማኑኤል ሳንቶስ አገሩ ገብቶ እንዲሞት እንዲያማልዱት ለመነ። መልስ አላመጣለትም። ፖሳዳ አሌማና ተዘረፈ፣ ፈራረሰ፤ የሌነን ሐውልትም ከቦታው ጠፋ። በጁን 2020፣ ዓለም በኮሮና ተዘግቶ ሳለ፣ የ70 ዓመቱ እስረኛ ከ33 ዓመት በኋላ ተፈትቶ በአባቱ በኩል ዜግነት ወዳገኘበት ጀርመን ተላከ። ጆርጅ ጁንግ በዓመቱ ሜይ 2021 ሞተ። ሌደር በ2024 የካርቴሉን ሕይወትና ሞት የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ።

በማርች 28 ቀን 2025 ከፍራንክፈርት የተነሳ አውሮፕላን ቦጎታ ኤል ዶራዶ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። ካርሎስ ሌደር ፓስፖርቱን ሲያሳይ የኢሚግሬሽን ኮምፒዩተር ስሙን ያዘው፤ ኮሎምቢያ ራሷ የፈረደችበትና ያልተፈጸመ የ24 ዓመት ቅጣት ነበር። ዓርብ ተይዞ ቅዳሜንና እሑድን እስር ቤት አደረ። ሰኞ ማርች 31 ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ቅጣቱ በይርጋ ቀሪ ሆኗል ብለው በነፃ ለቀቁት። ይርጋው ሲቆጥር የከረመው ባለ ቅጣቱ አሜሪካ ወህኒ ውስጥ በተቀመጠባቸው ዓመታት ነው።